ደረቴ ድረስ ገብቼ ነበር

እኔ ውሃን የማውቀው በጣሳ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ጨንቻ ነው፤ እዚያ ውሃ ከሰማይ ይወርዳል፣ ከጉሙ ይመጣል፣ ከጣራ ይንጠባጠባል እንጂ ሰው በእግሩ ሄዶ አይገባበትም። ሸማኔው አባቴ ገላውን ሲታጠብ ግማሹን ዛሬ ታጥቦ ግማሹን ለነገ ያሳድር ነበር። ብርዱ ነዋ! እንግዲህ አርባ ምንጭ ላይ የነፍስ አድን በጎ ፈቃደኞች ሊቀመንበር ሆኖ የተመረጠው የእንዲህ ያለ ሰው ልጅ ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም። በሌላ ሰው ደርሶ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የሰዎቹን ስም ቀይሬያለሁ። ጠርጥራችሁ የደረሳችሁበት ብትኖሩም ዝም በሉ። ምክንያቱ ስጨርስ ይገባችኋል።

መንግሥት ከተለወጠ ሦስት ወይ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ካለ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት እሠራ ነበር። ሥራዬ ፋይል ማውጣትና ያወጣሁትን ፋይል መመለስ ነው፤ ከዚህ በላይ የሚያሰጥም ነገር የለውም። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ዘንቢሌን ይዤ ጫሞ ሐይቅ ዳር እወርዳለሁ። ዓሣ ከተማም አይጠፋም፤ ባለቤቴ ግን ዓይኑ የፈዘዘ ዓሣ ደጃፏን አታሳልፍም። የምገዛው ከኦይቻ ነበር። ኦይቻ ጎረቤታችን ነው፣ የእድራችን አባል፣ እንደ እኔው ከደጋ የወረደ፣ የገረሴ ሰው።

«አንተ ደገኛ፣ ይኼን ሐይቅ እንዴት ደፈርከው?» ስለው፣

«ረሃብ ነው ያስተማረኝ። አንተ ደመወዝ አለህ፣ አትማርም» ይለኛል።

እዚያ ወደብ አጥማጆቹ አንድ ልማድ ነበራቸው። ወደ ዳር ሲቃረቡ ስንት ትልልቅ ዓሣ እንደያዙ ከታንኳው ላይ በጣታቸው ያሳያሉ። ዳር የቆመው ገዢ ደግሞ ስንቱን እንደሚወስድ በጣቱ ይመልሳል። ጩኸት የለ፣ ክርክር የለ። ታንኳው ዳር ሲደርስ ገበያው አልቋል።

ያን ቅዳሜ ፀሐይዋ ከፊቴ ነበረች፤ ውሃው ያብረቀርቃል፣ ዓይን ያጭበረብራል። የኦይቻ ታንኳ ድንጋይ ቢወረወር ከሚደርስበት ቦታ ላይ ዝቅ ብሎ ይታየኛል። ዓሣ ከብዶት ነው ዝቅ ያለው ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ እጁ ወጣ። አምስቱም ጣቶች ተዘርግተዋል። አምስት! እሰይ! ዘንቢሌን ወደ ግራ እጄ አዛወርሁና ሁለት ጣቴን አነሳሁለት። ሁለቱን ለእኔ ማለቴ ነው።

እጁ ገባ። ተመልሶ ወጣ፤ አሁንም አምስት። «ገባኝ እኮ፣ ሰማሁ!» ብዬ ሁለት ጣቴን ይበልጥ ከፍ አደረግሁ። ሦስተኛ ጊዜ አልወጣም። ዝቅ ብሎ የታየኝ የተገለበጠው ታንኳ ሆድ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ጉማሬ ይገልብጠው፣ ንፋስ ይገልብጠው፣ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ጮህሁ። ሰው ተሰበሰበ። ግን ምን ዋጋ አለው? ዋና የሚችሉት አጥማጆች ሁሉ ከሩቅ፣ ሐይቁ ላይ ናቸው። ዳር ያለነው ገዢዎች ብቻ ነን። የሚወረወር ገመድ እንኳ ያለው ሰው ጠፋ። ዘንቢላችንን እንዳንጠለጠልን ቆመን አየን። ሚስቱ አልታዬ ዓሣ ከሚበለትበት ዳስ እየሮጠች መጣች። ዳሩ ላይ ልትወድቅ ስትል ብብቷ ሥር ገብቼ የያዝኋት እኔ ነኝ። አስከሬኑን በማግሥቱ ጠዋት ያወጣው ወንድሟ ዘለቀ ነው፤ እሱም አጥማጅ ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ያየ ሰው የመናገር ግዴታ አለበት። ከገረሴ ዘመድ በቡድን በቡድን ይመጣል፤ አንዱ ቡድን አልቅሶ ሲወጣለት አረፍ ይልና «ለመሆኑ እንዴት ሆነ?» ይላል። ድንኳኑ ሁሉ ወደ እኔ ይዞራል። ለመጀመሪያዎቹ፣ ከጣቱ ነገር በቀር፣ እውነቱን ተናገርሁ። «ዳር ላይ ቆሜ ሳለሁ» ብዬ ስጀምር አንድ ሽማግሌ ቀና አሉና «ቆመህ?» አሉኝ። ሌላ አንዲት ቃል አልጨመሩም። ያቺ «ቆመህ» ግን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረች።

ሁለተኛው ቡድን ሲመጣ ጫማዬን አወለቅሁ። በወሬ ማለቴ ነው። ለሦስተኛው ጉልበቴ ድረስ ገባሁ። ሠልስት ላይ ወገቤን አለፈ። ሰባተኛው ቀን ላይ፣ የጨንቻ ዘመዶቼ ጭምር ባሉበት፣ ደረቴ ድረስ ገብቼ፣ እጁን ልይዝ አንድ ክንድ ሲቀረኝ ማዕበል ተነሥቶ ለያየን። ያን ቀን ማዕበል አልነበረም፤ እኔ ነኝ ያስነሣሁት። ሳልሰጥም የቀረሁት ከዚያ በኋላ ለቅሶ ደራሽ ስለቀነሰ ነው። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የኔው እያደር ከበደ።

በወሩ እድሩ ተሰበሰበ። የእድራችን ዳኛ አቶ ጌታሁን ተነሡና፣ «ዛሬ ኦይቻ ነው፣ ነገ ዘለቀ ነው። የአልታዬን ልጆች የሚያበላ አሁን እሱ ብቻ ነው፤ በየቀኑ እዚያው ውሃ ላይ ይውላል። ዝም ብለን እየቀበርን እንኖራለን?» አሉ። ሰው ሁሉ እውነት ነው አለ። ሞተር ያለው የነፍስ አድን ጀልባ ይገዛ፣ ገመድ ይገዛ፣ በጎ ፈቃደኞች በተራ ዳር ይጠብቁ ተባለ። ማን ይምራው?

«ደረቱ ድረስ የገባ ሰው እያለ ምን ትጠይቃላችሁ?» አለ አንዱ።

«እኔ እንኳ ስለ ውሃ እምብዛም…» ብዬ ተነሣሁ።

«አያችሁ? ጀግና ስለ ራሱ አይናገርም!» አለ ሌላው። ሰባት ቀን ሙሉ ስለ ራሴ ስናገር አጠገቤ ተቀምጦ የሰማ ሰው ነው።

አልታዬ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች። አየችኝ፤ አየኋት። እንዲህ ሆኜ ተመረጥሁ።

ገንዘብ መለመን እንዲህ የሚያደክም መሆኑን የለመነ ነው የሚያውቀው። ጨንቻ ወጣን፤ ሸማኔዎቹ «ብር የለንም፣ እጃችን አለ» ብለው አንድ ግሩም ጋቢ ሰጡን። ገረሴ ሄድን፤ በግ ሰጡን፤ በጉ መንገድ ላይ ጠፋብንና ስንፈልገው ለዋልንበት ምሳ ከበጉ ዋጋ በላይ በላን። ከየአገሩ የውሃ ትምህርት ሊማሩ ከተማችን የመጡ ተማሪዎች ዘንድም ሄድን። ዋና የሚያሰለጥን በጎ ፈቃደኛ ፈልገን ነበር። እርስ በርስ ተያዩ። «ጋሼ፣ እኛ የምንማረው ግድብ ነው» አለን አንደኛው፤ ያም ሆኖ ከኪሱ ሁለት ብር አወጣ።

በዚህ ዓይነት እየተንፏቀቅን ጀልባውን አሠራን። ወፍራም የናይለን ገመድም ገዛን። የቀረው ሞተሩ ነው። ንፋሱ የሚበረታበት ወራት ሳይመጣ እንግዛው ብለን አንድ የመጨረሻ የገቢ ማሰባሰቢያ እዚያው ጫሞ ዳር አዘጋጀን።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ድንኳን ተተከለ፣ ድምፅ ማጉያ መጣ፣ ዓሣ ተጠበሰ፣ ቦርዴ የሚባለው የአገሩ የእህል መጠጥም በእንስራ ቀረበ። ገመዱን አቶ ጌታሁን ጠቅልለው ጠረጴዛ ላይ አኖሩትና ዙሪያውን በቀይ ሪባን አሰሩት። የክብር እንግዳው መጥተው ሪባኑን ቆርጠው ገመዱን ያስረክቡናል። አጥማጆቹም እንግዳው ሲደርሱ በሰልፍ እየቀዘፉ እንዲመጡ ወዲያ ማዶ ሄደው ተሰለፉ፤ ዘለቀም እዚያው ነው። የክብር እንግዳው በሦስት ሰዓት ይመጣሉ ተባለ። በአራትም አልመጡ። በአምስት ሰዓት አቶ ጌታሁን ሰው እንዳይበተን ፈርተው ድምፅ ማጉያውን አነሡና ጨረታ ጀመሩ።

መቼም ደንቡን ታውቃላችሁ። «እገሌ ተነሥቶ ይጨፍር» ብለህ ሃያ ብር ትሰጣለህ፤ እገሌ «አልጨፍርም» ካለ ሠላሳ ሰጥቶ ይቀመጣል። አንተ ደግሞ አርባ ብለህ ታስነሣዋለህ። ሰው ጠላቱን የሚያዋርደው ለበጎ ሥራ እየከፈለ ነው። የጨንቻው ጋቢ ተሸጠ። የመዝገብ ቤት አለቃዬ ቦርዴ በአንድ ትንፋሽ ጠጡ። ቀጥሎ አንድ ጎረምሳ፣ «ሊቀመንበራችን ዋና ያሳዩን! ሃምሳ ብር!» አለ።

ጭብጨባው ድንኳኑን ሊነቅለው! «ስድሳ፣ እንዳልዋኝ!» አልሁ። «ሰማንያ፣ እንዲዋኙ!» «መቶ!» አልሁ፤ የወር ደመወዜ ሲሶ መሄዱ ነው። ከወዲያ «ሁለት መቶ!» ሲባል ባዶ ኪሴን መዳበስ ጀመርሁ።

ይኼኔ ጋሽ ደምሴ ተነሡ። ጋሽ ደምሴ ዓሣ እየጫኑ አዲስ አበባ የሚልኩ ትልቅ ነጋዴ ናቸው። ሲነሡ ወንበሩም አብሯቸው ተነሣ። «ልጅ ነገር አናድርገው» አሉ። «የሞተሩን ጎዶሎ እኔ ብቻዬን እሸፍናለሁ። ሊቀመንበራችን ያን ቀን ለወንድማችን ለኦይቻ የገባበት ድረስ፣ ደረቱ ድረስ፣ ገብቶ ይውጣልን። እንይና እናክብረው።»

ሞተሩ ሊገዛ ነው። ዘለቀ ቢገለበጥ ሞተሩ ይደርስለታል። በሞተሩና በእኛ መካከል የቆመው የኔ ደረት ብቻ ነው። አልታዬን ፈለግኋት፤ ዓሣ መጥበሻው ጋ ቆማለች፣ እጇ ላይ ቢላዋ አለ፣ ዓይኗ ግን እኔ ላይ ነው።

«ኮቱን ያውልቅ፣ ሃያ ብር!» አለ ያ ጎረምሳ። ባለቤቴ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «እንዳያወልቅ፣ ሠላሳ!» የሸሚዜ ጀርባ በሌላ ሸሚዝ የተጣፈ መሆኑን እኔና እሷ ብቻ ነን የምናውቀው። ክብራችንን አዳነች፤ ኮቱም ላዬ ላይ ቀረ። ያለኝ አንድ ሙሉ ልብስ ነው፤ ሱፍ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ስንት እንደሚመዝን ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

ጫማዬን አወለቅሁ። ገባሁ። የሐይቁ አዞ ትዝ ሲለኝ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ አደባለቅሁት። ውሃው ቁርጭምጭሚቴ ላይ ሲደርስ «የሁለተኛው ቡድን ለቅሶ» አልሁ በሆዴ። ጉልበቴ ላይ ሲደርስ የሦስተኛው። ወገቤ ላይ ሠልስት። ውሸቴን በየተራ፣ በእግሬ፣ እየወረድሁበት ነበር። ከኋላዬ አቶ ጌታሁን በድምፅ ማጉያ፣ «ተመልከቱ! እንዲህ ነበር የገባው!» ይላሉ። ደረቴ ላይ ሳይደርስ ጭቃው ከእግሬ ሥር ተንሸራተተና መሬት የሚባል ነገር ጠፋ።

ሰጠምሁ። ውሃው በአፍንጫዬ ገባ፣ በጆሮዬ ገባ፣ ኮቱ ወደ ታች ጎተተኝ። ለመጮህ አፌን ስከፍት ጫሞ ቀድሞኝ ገባ። የቀረኝ እጄ ነው። አወጣሁት፤ አምስቱንም ጣቴን ዘረጋሁ።

«ሊቀመንበሩ ጨመሩ!» አሉ አቶ ጌታሁን። «ከውሃ ውስጥ ሆነው ሃምሳ ብር! ይኼ ነው ሰው!»

እንደገና አወጣሁ። «መቶ ደረሱ!» ሰዉ ያጨበጭባል። ብቅ ባልሁባት በአንዲት ትንፋሽ ጎረምሳውን አየሁት፤ እየሳቀ እጁን አንሥቶ ያውለበልብልኛል። ኦይቻ ያየው ይኼንን ነው አልሁ። ሁለት ጣት ነው ያየው፤ ዘንቢል የያዘ ሰው ሁለት ጣቱን አንሥቶ ደስ ብሎት ሲስቅ ነው ያየው። ሞት እንኳ የዚያን ያህል አላስፈራኝም።

ቀጥሎ የሆነውን የነገሩኝ ሌሎች ናቸው። አልታዬ ሮጣ ጠረጴዛው ጋ ደረሰች። አቶ ጌታሁን ድምፅ ማጉያውን እንደያዙ፣ «ኧረ ሪባኑ! የክብር እንግዳው ገና ናቸው!» ብለው ገመዱ ላይ ተኙበት። በዓሣ መበለቻው ቢላዋ ሪባኑን በጠሰችው፤ አቶ ጌታሁንንም ገፍትራ ገመዱን ይዛ ወገቧ ድረስ ገባች፤ ወረወረች። ሦስት ጊዜ ነው የወረወረችው ይላሉ። እኔ የማስታውሰው እጄ ላይ የነካኝን ነገር እንደ ሕፃን ጨብጬ አለመልቀቄን ብቻ ነው። ጎትታ አወጣችኝ። የጨንቻውን ጋቢ ከገዢው ላይ ነጥቃ አለበሰችኝና ከሰው ራቅ ብሎ ካለ ግራር ሥር አስቀመጠችኝ።

ውሃውን ተፍቼ ስጨርስ፣ «እትዬ አልታዬ» አልኋት፣ «ያን ቀን እኔ አልገባሁም።»

«አውቃለሁ» አለችኝ።

«ታውቂያለሽ?»

«ስወድቅ የያዝከኝ አንተ አይደለህም እንዴ? ሱሪህ ደረቅ ነበር። ጫማህ ደረቅ ነበር። ካልሲህ እንኳ ደረቅ ነበር።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን ዝም አልሽ?»

የቀሚሷን ጫፍ ጨመቀች። «መጀመሪያ ላዋርድህ ነበር። ኋላ ልጆቼ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው ሲሰሙህ አየሁ። አባታችን ብቻውን አልሞተም፣ አንድ ሰው ገብቶለት ነበር አሉኝ። የዚያን ሌሊት እንቅልፍ ወሰዳቸው።»

«ዛሬ ግን እናገራለሁ» አልሁ። «ድምፅ ማጉያውን ወስጄ ለሁሉም እነግራለሁ። ሌላም አለ እትዬ፣ የባሰ አለ። እጁን ሲያወጣ እኔ…»

«ተው!» አለችኝ። እንዲህ ስትቆጣ ሰምቼ አላውቅም። «አልፈልግም። አንተ ተናግረህ ይቀልህና እኛ ምን ልንሆን ነው? ደረትህ ድረስ ገብተሃል። ተሸከመው ወንድሜ።» ተነሥታ ወደ ዓሣዋ ሄደች።

የክብር እንግዳው በስምንት ሰዓት ደረሱ። ሪባን መበጠሱን ሲሰሙ ቅር ስላላቸው እርጥቡ ገመድ ተጠቅልሎ ሌላ ሪባን ታሰረለት፤ ቆረጡት፤ ተጨበጨበ። በንግግራቸውም፣ ለኦይቻ ሲሉ ደረታቸው ድረስ የገቡት ሊቀመንበር ለወጣቱ አርአያ ናቸው አሉና አስነሡኝ። ቆምሁ። ከጋቢው ሥር ውሃ ይንጠባጠባል። የኦይቻ ሁለት ልጆች ከፊት ተቀምጠው ያጨበጭቡልኛል። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም፤ እዚያ ለነበረ ሰው ማዋየት የማልችለው ዕፍረት ነው።

ሞተሩስ? ትሉኝ ይሆናል። ጋሽ ደምሴ አሰቡበት። «እኔ ያልሁት ገብቶ ይውጣ ነው። መግባቱን ገብቷል። አልወጣም ግን፤ ያወጣችው እሷ ናት» አሉ። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ግማሽ ቀን ተከራከረ፤ በመጨረሻ፣ በነገሩ እውነትነት አላቸው ተባለ። ከውሃ ውስጥ ሆኜ የጨመርሁትን መቶ ብር ግን ከእኔ ተቀበሉ። የጋቢው ገዢም ጋቢው ዓሣ ዓሣ ሸተተኝ ብሎ መለሰልን። ሞተሩ አልተገዛም። ጀልባው ዳር ላይ ተደፍቶ ዶሮ ያድርበታል። የነፍስ አድን ድርጅታችን ማለት እንግዲህ ያ ገመድ ነው፤ ግራሩ ላይ ተሰቅሏል።

ዘለቀ አሁንም በየቀኑ ይወጣል። እሑድ ጠዋት ጠዋት ደግሞ እኔን ዋና ያስተምረኛል። ገመዱን ወገቤ ላይ አስሮ እንደ ፍየል ይይዘኛል። «አዞ ካየሁ እነግርሃለሁ» ይለኛል። ለምን በስተርጅና ዋና እንዳማረኝ ጠይቆኝ አያውቅም፤ እህቱ ነግራው እንደሆነ እንጃ። እስካሁን የደረስሁት ወገቤ ላይ ነው። ወደ ደረቴ ከፍ ሲል ትንፋሼ ይቆማል፤ እመለሳለሁ። ገብቻለሁ ብዬ ከዋሸሁበት ቦታ ለመድረስ አንድ ክንድ ያህል ይቀረኛል።

ቅዳሜ ከሰዓት ግን ዘንቢል መያዝ ትቻለሁ። ገመዱን ከግራሩ አውርጄ ዳር ላይ እቆማለሁ። የዘለቀ ታንኳ ይቃረባል። እጁን ያነሣል። ሦስት ይሁን አምስት አልቆጥርም፤ ልብሴን እንደለበስሁ ወገቤ ድረስ እገባና ባለ በሌለ ኃይሌ እወረውርለታለሁ። ገዢዎቹ ይስቃሉ። ዘለቀ አይስቅም። ታንኳው አጠገብ የወደቀውን ገመድ ይዞ ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ ያደርግልኛል፤ ደህና ነኝ ማለቱ ነው።